የሂሉክሴ ቀለም በእሾህና በጠጠር እያለቀ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ባለ ግራጫው ሂሉክስ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት ጥቁር ግራጫ ሂሉክስ ፒክአፕ ገዛሁ። ሥራዬ የውኃ ፓምፕ መትከልና መጠገን ስለሆነ ከወሩ ግማሹን የማሳልፈው በጂንካና በቱርሚ ዙሪያ ባሉ የገጠር መንገዶች ላይ ነው። መኪናዬ ዓመት ሳይሞላው ሦስት ዓይነት ጉዳት ደረሰበት። በሁለቱም ጎኖች ከፊት በር እስከ ካሶኒው ጫፍ ድረስ የግራር እሾህ ያሰመራቸው ረጃጅም ጭረቶች አሉ። የኮፈኑ ጠርዝና ከኋላ ጎማ ፊት ያለው ላሜራ ደግሞ ጠጠር እየመታው ቀለሙ ነጥብ በነጥብ ተፈንቅሏል፤ ሁለቱ ነጥቦች መዛግ ጀምረዋል። ከዚህ ሌላ ፀሐይ ሲያርፍበት መላ አካሉ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ጭረት ይታየኛል። ይህኛው ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶኛል።

አንድ ቀለም ቤት ሙሉውን እንቀባልህ አለኝ። ወዳጄ ደግሞ «ሴራሚክ አስቀባው፤ ከዚያ በኋላ ጠጠርም እሾህም አይነካውም» ይለኛል። ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል እገባለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ቀለም ቀቢው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ሙሉውን አታስቀባ። የፋብሪካው ቀለም ባዶው አካል በምድጃ ውስጥ አልፎ በከፍተኛ ሙቀት የደረቀ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚቀባው በጥንካሬ አይተካከለውም። እንጀራዬ ቀለም መቀባት ሆኖ ሳለ ይህን የምልህ የፋብሪካ ቀለም ያለ ምክንያት ተፍቆ ሲወርድ ማየት ስለሚያንገበግበኝ ነው።

በመጀመሪያ ጭረቱን በጥፍርህ ፈትነው። መኪናውን አጥበህ አድርቅና ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አቋርጠህ ጎትተው። ካልያዘህ ጉዳቱ ላይኛው ግልጽ ሽፋን፣ እኛ ክሊር የምንለው ላይ ነው፤ በፖሊሽ ይለቃል። ከያዘህ ግን ወደ ውስጥ ገብቷልና ፖሊሽ አያጠፋውም። ላሜራው ላይ ፀረ ዝገት ሽፋን፣ ከዚያ ፕራይመር የሚባለው የሥር ቀለም፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻም ክሊር አለ። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ ከ40 እስከ 50 ቢሆን ነው፤ ከራስ ጸጉር ይቀጥናል። በማሽን በተወለወለ ቁጥር ከእርሱ ላይ ይነሳልና ከየጉዞው መልስ «ወልውሉልኝ» አትበል።

ለአንተ አስቸኳዩ ሁለቱ የዛጉ ነጥቦች ናቸው። ጭረቱ መልክ ያበላሻል እንጂ ሊቆይ ይችላል፤ ዝገት ግን ከቀለሙ ሥር ሥሩን እየሄደ ላሜራውን ይበላል። በመርፌ ጫፍ የተነሳውን ቀለምና ዝገቱን ብሩህ ብረት እስኪታይ ድረስ ፋቅ። በአልኮል ጥረገው። ፀረ ዝገት ፕራይመር በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ጠብ አድርግበት፤ ብሩሽ አትጠቀም፣ ዙሪያውን ይለቀልቀዋል። ሲደርቅ ቀለሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ፣ እያደረቅህ ደራርበው፤ በላዩ ክሊር። የቀለሙን ቁጥር በሾፌሩ በር ማዕዘን ወይም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው ቀጥሎ ታገኘዋለህ። በዓይን ገምቶ የሚቀላቅልልህን ሰው አትመን፤ ግራጫ ቀለም በተለይ ያታልላል። ዝገቱ ሳይወጣ ስቱኮ የሚሞላልህ ካጋጠመህ ደግሞ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

መልስ፦ የደቡብ ሹፌር (አርባ ምንጭ)

ቀለም ቀቢው ስለ መጠገኑ በሚገባ ተናግሯል። እኔ ስለ መንገዱ ልንገርህ፤ አስጎብኚ መኪና ስነዳ የኖርኩት እዚያው አንተ በምትሄድበት አገር ነው።

ከኋላ ጎማ ፊት ያለው ላሜራ ተፈነቀለ ብለሃል። እዚያ ቦታ ላይ የሚመታህ የሌላ ሰው መኪና አይደለም፣ የራስህ የፊት ጎማ ነው። ጎማውን ሰፋ ባለ ቀይረህ እንደሆነ ተመልከት። ክር ጫፍ ላይ ብሎን እሰርና ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ታች አንጠልጥለው። ጎማው ከክሩ ወደ ውጭ ካለፈ ጠጠሩን እያነሳ በቀጥታ በርህ ላይ ይረጨዋል። ፓራፋንጎው ላይ የሚገጠም የፕላስቲክ ጠርዝና የጎማውን ሙሉ ስፋት የሚሸፍን ወፍራም የጭቃ መከላከያ አስገጥም። ጭቃ መከላከያውን ከአሮጌ የከባድ መኪና ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቆርጠው የሚሠሩ አሉ፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ኮፈኑን የሚመታው ግን ከፊትህ የሚሄደው መኪና ነው። አቧራው ከታየህ ገና ቅርብ ነህ፤ አቧራው እስኪበተን ድረስ ወደ ኋላ ቅር። ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ ፍጥነትህን ቀንስ፤ የጠጠሩ ፍጥነት ከአንተ ፍጥነት ጋር ተደምሮ ነው የሚያርፍብህ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ80 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት ቀለሙ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

እሾሁን በተመለከተ፣ ቅርንጫፍ በፍጥነት ሲገጩት ይገረፋል፣ በዝግታ ሲገፉት ይተጣጠፋል። ስፖኪዮህን እጠፍ፣ ረዳትህን አስወርድ፣ በእጁ ጓንት አድርጎ ቅርንጫፉን ይያዝልህና በእግር ፍጥነት እለፍ። ፓርኩ ውስጥ ግን ዛፍ መቁረጥ የለም፤ በገመድ ወደ ጎን ሰብስበህ እለፍና ፍታው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ንጉሡ ከመነሣቱ በፊት በመንገዱ ያለ ቀንጠፋ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ እንዲመነጠር ዐዋጅ ይነገር እንደነበር ተጽፏል። ንጉሥን ያስቸገረ እሾህ እኛን ቢያስቸግር አይገርምም።

ከፊት ፓራውልት ብረት እስከ ፖርቶመጋላው ጫፍ ድረስ የሚወጠር የብረት ገመድም አለ። ቅርንጫፉን ወደ ላይ ያንሸራትተዋል፤ የፊት መስታወቱን ያድናል፣ ጎኑን ግን አያድንም።

የከብት መንጋ ሲገጥምህ ደግሞ ቁም። ሞተርህን አጥፍተህ ጠብቅ። ጥሩምባ ከነፋህ ከብቶቹ ተጨናንቀው በቀንዳቸው በሩን ይፍቁታል፤ የቀንድ ጭረት ከእሾህ ይብሳል።

መልስ፦ ከዱባይ

ሰላም ወንድሜ። እዚህ መኪና ማሳመሪያ ቤት ውስጥ ፊልም ለጣፊ ነኝ፤ በረሃ ለበረሃ የሚነዱ መኪናዎች በየቀኑ ይመጡልናል። ስለ ሴራሚክ ወዳጅህ የነገረህ ስህተት ነው። ሴራሚክ ሲደርቅ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሚወፍር ሽፋን ነው። ውኃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ መታጠቡን ያቀላል፣ አንጸባራቂነቱን ያቆያል። ጠጠርን አያቆምም።

ጠጠር የሚያቆመው ፒፒኤፍ የሚባለው ግልጽ ፊልም ነው። ከፖሊዩሬቴን የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍር፣ ማለትም ከመኪናህ ቀለም ጠቅላላ ውፍረት የሚበልጥ ነው። ሲመታ ይለጠጥና ምቱን ይውጣል። ቀላል ጭረት ቢያርፍበት በፀሐይ ሙቀት ወይም በሞቀ ውኃ ይመለሳል። አንድ ደምበኛ ጭረት በጭረት የሆነ ኮፈን ይዞ መጥቶ፣ ሙቅ ውኃ ስናፈስበት መስመሮቹ ዓይናችን እያየ ሲጠፉ ሰውየው በእጁ እየዳሰሰ አላምን ብሎ ነበር። በጥልቀት የቆረጠውን እሾህ ግን አይመልሰውም፤ የተቆረጠው ፊልሙ ይሆናል እንጂ ቀለሙ አይሆንም፣ ያንን ክፍል ብቻ አንስተህ ትለውጣለህ።

ሙሉውን መኪና አታልብስ፤ ለገንዘብህም አይሆንም። የኮፈኑን የፊት ግማሽ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ያለውን ላሜራ፣ የበሮቹን የታችኛውን ክፍልና የበር እጀታዎቹን ጉድጓድ ብቻ አስለጥፍ። ርካሽ ነው ብለህ የፒቪሲ ፊልም እንዳትቀበል፤ በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነሳም ሙጫውን ጥሎ ይሄዳል። ደግሞ አዲስ የተቀባ ቦታ ላይ ወዲያው አይለጠፍም። ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ቀለም በደንብ እስኪደርቅ አንድ ወር ያህል ጠብቅ፤ አለዚያ ፊልሙ ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ይነሳል።

መልስ፦ የመስክ ሠራተኛዋ (ሰመራ)

የሸረሪት ድር ስላልከው እኔ ልመልስ። ያንን ያደረገው መንገዱ አይደለም፤ ላቫጆ ነው። ከመስክ ስትመለስ መኪናው ላይ ያለው አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ፣ ወይም ባልዲ ውስጥ ሲነከር በዋለ ስፖንጅ ሲታሽ በብርጭቆ ወረቀት እንደመፋቅ ነው።

እኛ መኪናችንን ለላቫጆ መስጠት ትተናል። መጀመሪያ ምንም ሳንነካው ብዙ ውኃ ከላይ ወደ ታች እናፈስበታለን። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ የመኪና ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ስፖንጁ የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ። ከጣሪያው ጀምረን የታችኛውን ክፍል በመጨረሻ፣ በሌላ ስፖንጅ እናጥባለን። ሁለተኛው ባልዲ ሥር የሚዘቅጠውን አሸዋ አንድ ጊዜ ስታየው ከዚያ በኋላ በአንድ ባልዲ አታጥብም።

ወደ ዳሎል በኩል የምትመጣ ከሆነ ደግሞ ከጨው ሜዳ እንደወጣህ ሥሩን ጭምር በንጹሕ ውኃ አሳጥብ። የተፈነቀለ ቀለም ባለበት መኪና ላይ ጨው ማሳደር ዝገትን መጋበዝ ነው።

ባለ ግራጫው ሂሉክስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በብሎንና በክር ለካሁት፤ ጎማዬ ከፓራፋንጎው ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል። ከገዛሁት በኋላ ቸርኬና ጎማ ቀይሬ ነበር፣ ጥፋቱ ከዚያ ነው። ጋሼ ቀለም ቀቢ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ለኮፈኑ የሚለበስ የቆዳ ሽፋን ሲሸጥ አየሁ፤ ፊልሙን እስካስለጥፍ ድረስ ይሆነኛል?

ቀለም ቀቢው

ለአንድ ቀን ጉዞ ይሆናል፤ ለሳምንት አይሆንም። አቧራ ከሥሩ ይገባና ንፋሱ ሲያርገበግበው ቀለሙን ይፈጨዋል። በዝናብ ከራሰ ደግሞ እርጥበቱን ይይዝብሃል። የግድ ካለበስከው ማታ ማታ አውልቀህ ሁለቱንም እጠብ። ለበሮቹ ታች ግን ፊልሙ ከከበደህ ጠጠር የሚቋቋም፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሸካራ ሽፋን አለ፤ ይረጫል፣ በላዩም የመኪናው ቀለም ይቀባል። መልኩ ሻካራ ነው፣ ለሥራ መኪና ግን እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ባለ ግራጫው ሂሉክስ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ዛሬ ጂንካ ነኝ። ሁለቱን የዛጉ ነጥቦች በመርፌና በጥርስ መጎርጎሪያ ራሴ ሠራኋቸው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት አይታዩም፣ በጣት ሲዳሰሱ ግን ትንሽ እብጠት አላቸው። የፓራፋንጎ ጠርዝና ሰፊ የጭቃ መከላከያ አስገጥሜያለሁ፤ በሮቹ ታች ላይ ሸካራው ሽፋን ተረጭቷል። ፊልሙን ለኮፈኑ ብቻ በሚቀጥለው ወር አስለጥፋለሁ። ከጎኖቹ ጭረቶች አብዛኞቹ ጥፍር የማይዙ ነበሩ፣ በፖሊሽ ለቀዋል። በግራ በኩል ያሉት ሦስቱ ግን ጥልቅ ናቸው፤ ብረት ስላልታየባቸው እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። ከሐዋሳ እስከዚህ ድረስ ስነዳ ከኋላ ጎማ ፊት አዲስ ነጥብ አላገኘሁም። ነገ ጠዋት ረዳቴ ጓንቱን ይዞ ወደ ማጎ እንገባለን።