ጭቃ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ እንዴት ላቁም?

የምኖረው አዘዞ ነው። ቤቴ ጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በአግድም የታሰረ ማገር፣ ከላዩ ስስ የሲሚንቶ ልስን። ሳሎኑ 3 በ4 ሜትር ስለሆነ ቁም ሳጥን ካስገባሁ መተላለፊያ የለም። ስለዚህ አንዱን ግድግዳ ልጠቀምበት አሰብኩ፤ ከላይ እናቴ የሰፋቻቸው አምስት ሰፌዶች፣ ከታች የመጻሕፍት መደርደሪያ። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በመላእክት ሥዕል የተሞላ ጣሪያ እያየሁ ስላደግሁ መሰለኝ ባዶ ግድግዳ ይከፋኛል።

ሰፌዶቹ ቀላል ናቸው፣ ሚስማር ይበቃቸዋል። ችግሩ መደርደሪያው ነው። 1.20 ሜትር ጣውላ በአራት ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) እና ብሎን አሰርኩት። በሳምንቱ ሌሊት ላይ ወደቀ። ልስኑ እንደ ቂጣ ተገምሶ ወረደ፤ ቀዳዳው ውስጥ ጭዱ ይታያል፣ አፈሩ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ለካ ፊሸሩ የያዘው አፈር ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ግድግዳውን እያንኳኳሁ ቋሚ ፈልጌ 10 ሳንቲ ሜትር ሚስማር መታሁ። በግራ በኩል ጥብቅ አድርጎ ያዘ። በቀኝ ግን እንጨቱ ጠማማ ነውና ሳትኩት፤ ያገኘሁት ማገር ነው፣ እሱም ይወዛወዛል።

መጽሐፎቹ 40 ኪሎ ያህል ይሆናሉ። ከቋሚ ቋሚ አግድም ጣውላ መትቼ መደርደሪያውን እሱ ላይ ልስቀል ወይስ ክብደቱን ወለሉ እንዲሸከመው ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚቆም የእንጨት ፍሬም ላሠራ?