ሰንሩፋችሁ ካፈሰሰ፣ መስታወት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ

ሰንሩፉ (ጣሪያው ላይ ያለው መስታወት) የሚያፈስ መኪና ላላችሁ ጥቆማ ነው። ማን ጋ እንደሚወሰድ፣ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደማይገዛ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን በማይሆን ነገር ገንዘባችሁን እንዳታወጡ ብዬ ነው።

ከደረሰብኝ ልጀምር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሏል። መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስይዝ ከጣሪያው መብራት ጎን ቀዝቃዛ ውሃ ጭኔ ላይ ዝርግፍ አለ። ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው ቀና ብሎ አየና «የመስታወቱ ዙሪያ ጎማ ሞቷል» አለ። በመስታወቱ ዙሪያ ጥቁር ሲሊኮን ለቀለቀበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰንሩፉ መከፈት አቆመ። ሦስት ሳምንት ያህል ደረቅ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ፀሐዩና ንዝረቱ ሲሊኮኑን ከጠርዙ አላቀቀውና ውሃው ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሞኬቱ መሽተት ጀመረ።

ሌላ ባለሙያ ጋ ስሄድ መስታወቱን ለመንካት አልቸኮለም። «ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ እኮ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲከለክል አልተሠራም» አለኝ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ አብዛኛውን ውሃ ይመልሳል፣ ጥቂቱ ግን ሁልጊዜ ያልፋል። ያለፈው ውሃ ከመስታወቱ ሥር ባለ ቦይ ውስጥ ይሰበሰባል። ከቦዩ ጥጎች ቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳሉ፣ በአብዛኛው አራት ናቸው። የፊቶቹ በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባለው ምሰሶ ውስጥ አልፈው በር ማጠፊያው አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋላዎቹ ደግሞ በኋላው ምሰሶ በኩል ወርደው ከፓራውልቱ ጀርባ ወይም ከኋላ ጎማው አጠገብ ያፈሳሉ። ቱቦው ከተደፈነ ቦዩ ሞልቶ ይቀመጣል። ፍሬን ስትይዙ ውሃው ወደፊት ይንሸራተትና ከቦዩ ዘሎ እናንተ ላይ ይወርዳል። ዝናብ በሌለበት የወረደብኝ ለዚህ ነው።

ሲሊኮኑን በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቆ አነሳው። ከፈተው። የፊት ግራ ጥግ ላይ ትንሽ ውሃ አፈሰሰ። ውሃው እዚያው ቆመ። ከሥር ጠብታ የለም። ቱቦውን ሲያጸዳው መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ወጣ፣ ከዚያ የቅጠል ስብርባሪ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ኮለል ብሎ ወረደ። በቃ። መስታወትም ጎማም አልተቀየረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ይሄ ነው፣ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሰንሩፉን ክፈቱ፣ ቦዩን በጨርቅ ጥረጉ፣ በየጥጉ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ሌላ ሰው ከሥር ይይ። ውሃው ቶሎ ጠፍቶ ከመኪናው ሥር ከወረደ ቱቦው ደህና ነው። ቆሞ ከቀረ ተደፍኗል። ከቦዩ ጠፍቶ ከሥር ካልወጣ ግን ቱቦው ውስጥ የሆነ ቦታ ተነቅሏል ወይም ተቀዷል ማለት ነው፣ ውሃውም ወደ ሞኬቱ እየሄደ ነው። ያኔ ወዲያው ማፍሰሱን አቁሙ።

ለማጽዳት ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ ያለው የናይለን ገመድ በጣም ጥሩ ነው። ጫፉን በእሳት አድቦልቡሉትና እያሽከረከራችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ሽቦ አትጠቀሙ፣ ቱቦውን ይበሳዋል። ኮምፕሬሰር የሚያነሳ ሰው ካያችሁ ደግሞ እጁን ያዙት። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ቱቦውን ከመገናኛው ላይ ይነቅለዋል፣ ከዚያ የጣሪያውን ጨርቅ ሳያወርዱ መመለስ አይቻልም። በቀላሉ የሚጸዳ የነበረ ነገር ትልቅ ሥራ ይሆናል። አንዳንድ መኪኖች ላይ የቱቦው መጨረሻ የተሰነጠቀ የጎማ አፍ አለው፣ ጭቃ የሚይዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በጣት ቆንጠጥ ቆንጠጥ ሲደረግ ይከፈታል።

ቱቦው ደህና ሆኖ አሁንም ካፈሰሰ ወደ ጎማውና ወደ መስታወቱ አቀማመጥ ሂዱ። ቁራጭ ወረቀት ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ሰንሩፉን ዝጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳቡት። ዙሪያውን በየቦታው ሞክሩ። ያዝ አድርጎ መውጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ሙልጭ ብሎ ከወጣ እዚያ ጋ ጎማው አይጫንም። ይሄ ሁልጊዜ ጎማው ሞቷል ማለት አይደለም፣ መስታወቱ ዝቅ ብሎም ሊሆን ይችላል። የሚከፈት መስታወት የሚያዘው በብሎን ነው፣ ብዙ ጊዜ ባለኮከብ ራስ በሆኑ። ብሎኖቹን ላላ አድርጎ ከፍታውን ማስተካከል ይቻላል። የፊተኛው ጠርዝ ከጣሪያው ጋር እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፣ የኋለኛው እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ። ብዙ መኪኖች ላይ ልኩ እንዲህ ነው፣ የመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ የራሱ ልክ ካለው ግን እሱን ተከተሉ። ፊቱ ከፍ ካለ ነፋስ ያፏጫል።

አሁን ወደ ባለሙያዎቹ።

መስታወቱ ከተሰበረ ወይም ጎማው ከተቀደደ የመጀመሪያ ምርጫዬ የመኪና መስታወት ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ነው። በተለይ መኪናችሁ የማይከፈት ትልቅ የጣሪያ መስታወት ካለው። እሱ የሚያዘው በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ ነው፣ ሥራው ከፊት መስታወት ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በየቀኑ የሚሠራው ሰው እጁ ይለያል። እንዴት ታውቁታላችሁ? አሮጌውን ማጣበቂያ ላሜራው እስኪታይ ድረስ አይፍቀውም። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይተውና አዲሱን እዚያ ላይ ያደርጋል። ላሜራው ከተጫረ ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ) ይቀባዋል፣ አለበለዚያ ከሥር ይዝጋል። መስታወቱን በባዶ እጁ ጠርዙን አይነካም። እንዲህ ተጠንቅቆ ሲሠራ ካያችሁት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፣ ግን ለአንድ ነገር አንደኛ ይሆናል፦ መስታወቱ ምንም ሳይነካው ፈንድቶ ከሆነ። ብዙ የሰንሩፍ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፣ ሲሰበር አንዴ ተንኮታኩቶ እንደ ጨው ድንጋይ ይበተናል። ፋብሪካው ራሱ ጥፋቱን ያመነበት ጊዜም አለ። ሁንዳይ እ.ኤ.አ. በ2012 ቬሎስተር የተባለውን መኪና ለጥገና መልሶ የጠራው ሲገጠም ተዳክሞ ሊሰበር የሚችል የጣሪያ መስታወት ስላለው ነው። ስለዚህ ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ ጥሪ እንዳለበት አስጣሩ። ሌላው ጋራዡ ላይ የማልወደው፣ ትንሽ ቁራጭ ለመቀየር ብዙ ጊዜ ሙሉ ዕቃውን ቀይሩ ይላሉ። ከመስማማታችሁ በፊት «ቱቦው በውሃ ተሞክሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የጣሪያ ጨርቅ የሚሠራ ባለሙያ የሚያስፈልጋችሁ ቱቦው ውስጥ ከተነቀለ ነው። እጁ ጥሩ ከሆነ ጨርቁ ሳይታጠፍ ይመለሳል። ግን እባካችሁ አንድ ነገር። በጣሪያው ግራና ቀኝ ጠርዝ የተጣጠፈ ኤርባግ ያለባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ባትሪው ሳይነቀልና ጥቂት ደቂቃ ሳይጠበቅ ጨርቁን ማውረድ ለሠራተኛው ራሱ አደጋ ነው። ባትሪውን ሳይነቅል ከጀመረ አስቁሙት።

ቦዲ ሠራተኛ ጋ የምትሄዱት ላሜራው ከዛገ ብቻ ነው። ቤት ድረስ መጥቶ የሚሠራ ሰው ለሚከፈተው መስታወት ይበቃል። ለሚጣበቀው ግን አቧራና ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ አላሠራም።

ዕቃውን በተመለከተ።

መስታወቱ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ፦ ከአምራቹ ሳጥን የሚወጣው፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ተመሳሳይ፣ እና ከተጋጨ መኪና የወጣ ያገለገለ። ብዙ ሰው ያገለገለውን ይፈራል፣ እኔ ግን ርካሽ ከሆነው አዲስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ጎበጥ ያለበት ልክ ከፋብሪካ የወጣው ነውና ጣሪያው ላይ ግጥም ይላል። ብዙ የሚከፈቱ መስታወቶች ላይ ጎማው ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ ለብቻው አይሸጥም፣ ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ጎማውን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ተመልሶ መነሳት አለበት። ከደረቀና ከተሰነጠቀ ተዉት። ተመሳሳዩን ስትገዙ ደግሞ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማኅተም አንብቡ። ክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር፣ አጠገቧም 43አር የሚል ካለ መስታወቱ በአውሮፓው የመኪና መስታወት ደንብ ጸድቋል ማለት ነው። ክቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ያጸደቀውን አገር ነው የሚናገረው፣ ለምሳሌ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ። የተሠራበት አገር ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ማጣበቂያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለሚጣበቅ መስታወት የሚሆነው የመስታወት ፖሊዩሬቴን ነው። ሲካ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸውን ብትወስዱ፣ ሲካፍሌክስ 221 ስፌት ለመድፈንና ለልዩ ልዩ ሥራ ነው፣ መስታወት ለመያዝ የተሠራው ሲካፍሌክስ 256 ወይም ሲካታክ ድራይቭ ነው። ስማቸው ተመሳስሎ አያታላችሁ። የማጣበቂያው ማሸጊያ ላይ ያለውን ቀን እዩ፣ ያለፈበት አይደርቅም ወይም አይይዝም። የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ በደረቅና በቀዝቃዛ አየር ይዘገያል። መቼ መንዳት እንደሚቻል ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ጠብቁ።

የቤት ሲሊኮን በጭራሽ። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ላሜራ ያዝጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ትክክለኛው ማጣበቂያም አይይዝም፣ ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ሠራተኛ ሥራ ያበላሽበታል። የሚከፈተውን መስታወት «በማጣበቂያ አሽግልሃለሁ» ያላችሁን ሰው ደግሞ አመስግናችሁ ውጡ።

ለጎማው የምትቀቡት የሲሊኮን ግሪስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቱት። ሆንዳ ለበርና ለመስኮት ጎማ የሚሸጠው የጃፓኑ ሺን ኤትሱ በጣም ጥሩ ነው፣ በጣት ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ጉሚ ፍሌገ የሚባለው የጀርመኑ የጎማ መንከባከቢያም ስፖንጅ ስላለው ለእጅ ይመቻል። ቫዝሊንና የሞተር ዘይት ግን አይሆኑም፣ ይሄን ጎማ ያሳብጡታል።

የጠየቃችሁኝን ልመልስ። «ከፍቼው አላውቅም፣ እኔንም ይመለከተኛል?» አዎ። ተዘግቶም ውሃ ወደ ቦዩ ያልፋል፣ ቅጠልና አቧራም አብሮ ይገባል። ቱቦዎቹን በዓመት ሁለቴ፣ ዛፍ ሥር ለሚያቆም ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ማየት ጥሩ ነው። «ሥራው ሲያልቅ ምን ልይ?» ሠራተኛው ፊታችሁ ውሃ ያፍስስበት። በዝግታ፣ ዝናብ እንደሚወርድ። ግፊት ያለው ውሃ ጤነኛ ጎማንም ያልፋልና ምንም አይነግራችሁም። ማጣበቂያ ካለበት ይሄን ሙከራ በማግስቱ አድርጉት፣ መኪና ማጠቢያም እስከዚያ አትግቡ።

ማፍሰሱ ከቆመ በኋላም ሽታው ያልለቀቃችሁ፣ ከሞኬቱ ሥር ያለው ስፖንጅ ውሃውን ይዞት ነው። ላዩ ደርቆ ሥሩ ለሳምንታት ርጥብ ይሆናል፣ ብዙ መኪና ላይ ደግሞ ገመድና የኤሌክትሪክ ሳጥን ያለው እዚያው ወንበር ሥር ነው። እጃችሁን ከሞኬቱ በታች አስገብታችሁ ስፖንጁን ጨመቅ አድርጉት። ውሃ ካወጣ ወንበሩ ይውጣ፣ ሞኬቱም ተነስቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።