ጀልባ ላይ የጨዋታ ምሽት፦ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ የት፣ በምን ጀልባ፣ በየትኛው ጨዋታ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መጋዘን ውስጥ የምንሠራ ሃያ የምንሆን ባልደረቦች ነን። በዓመት አንድ ጊዜ አብረን ወጣ እንላለን፤ ዘንድሮ በጭፈራ ፋንታ የጨዋታ ምሽት ይሁን ተባለ። አንዷ ባልደረባችን ዱባይ ሳለች ወደብ ላይ በሚዞር መርከብ ሰዎች እራት እየበሉ ቢንጎና ጥያቄና መልስ ሲጫወቱ አይታ ኖሮ፣ «እኛስ ምን ያንሰናል?» ብላ ሁሉን አስነሥታለች። ቅርብ ቦታ፣ ደህና ጀልባ፣ ለጀልባ የሚሆን ጨዋታ ጠቁሙን። ልጆቻቸውን የሚያመጡም አሉ።

ጥቆማ፦ የሚያንስባችሁ ወደብ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መርከብ የራሱ ጀነሬተር፣ ኩሽናና መጸዳጃ አለው፤ አዳራሹ በመስታወት የተዘጋ፣ የሚዞርበትም ውኃ ከማዕበል የተጠበቀ ስለሆነ የመጫወቻ ካርታ ቢዘረጋ የሚበትነው የለም። በሀገራችን ለዚህ የሚቀርበው በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር የተጓዘው ጣናነሽ 2 ነው፤ 38 ሜትር ርዝመት አለው። ግን ለአንድ ምሽት ጨዋታ ጣና ድረስ መሄድ ከጨዋታው ይልቅ መንገዱ እንዲበረታ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ቢሾፍቱ። እናንተ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ደጃችሁ ላይ ነው። ከመሀል አዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ቃሊቲ ላይ የሚያቃጥለውን ጊዜ እናንተ ሐይቅ ዳር ቡና ትጠጡበታላችሁ። በዱከም በኩል ያለው የድሮ መንገድም ያደርሳል፤ ነገር ግን ዱከም ላይ ሥጋ ቤት ሳይቆም የሚያልፍ የመሥሪያ ቤት ቡድን አላየሁም፤ ጥሬ ሥጋ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በ10 ሰዓት ጀልባ ላይ አይገኝም። ስትሄዱ በፍጥነት መንገዱ ሂዱ።

ከዝርዝሩ በፊት ዋናውን ምክሬን ልናገር። ምሽቱን በሙሉ ውኃ ላይ ለማሳለፍ አትክፈሉ። ጀልባውን ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያዙት፤ እዚያ ላይ በአፍ የሚጫወቱትን ጨዋታ ተጫወቱ። ሰሌዳ፣ ጠጠርና ካርታ የሚፈልገውን ዳር ላይ በመብራት ሥር አድርጉት። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በክረምት እስከ ሃምሳ ደቂቃ ብትዘገይ ነው። ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። መብራት የሌለው ትንሽ ጀልባ ላይ፣ ልጆች ይዞ፣ በጨለማ የሚደረግ ጨዋታ ለእኔ ጨዋታ አይደለም።

የትኛው ሐይቅ?

ለእናንተ የምመርጠው ባቦጋያን ነው። ዙሪያውን ሎጅና ሆቴል ስላለ ከጀልባ ወርዶ ወዲያው ወደ በረንዳ መግባት ይቻላል፤ ውኃውም ከሆራ ሐይቅ ጋር ሲተያይ ጸጥ ያለ ነው። እዚህ ላይ ወላጆች ልብ በሉ፤ ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል፤ ቁልቁለቱም ከዳር ብዙ ሳይርቅ ይጀምራል። «ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ሐይቅ ላይ አይሠራም።

ሆራ ለኪስ ይቀላል፤ ሕዝብም ይወደዋል። ችግሩ እሑድ እሑድ ከየአቅጣጫው የሚለቀቀው ሙዚቃ ነው። በጩኸት መሀል ሩጫና ኳስ ይሆናል፤ እንቆቅልሽ አይሆንም። በኢሬቻ ሰሞን፣ ማለትም ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሆራ አርሰዲ የበዓሉ ቦታ ስለሆነ ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማዋ መሄድ ራሱ አይመከርም።

ኩሪፍቱ ሐይቅ ምቾት ለሚፈልግ ነው። በስሙ የሚጠራው ሪዞርት ስላለ ሁሉን ነገር ከአንድ እጅ ማግኘት ይቻላል፤ ሂሳቡም እንደዚያው። መዋጮው ከየሰው ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ መጀመሪያ ዋጋ ጠይቃችሁ፣ በሃያ አባዝታችሁ፣ ከዚያ ተነጋገሩ።

ከተማዋ መሀል ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ ከላይ ሆኖ ለማየት እንጂ ለመሳፈር አይመችም፤ ገደሉ ቀጥ ያለ ነው። አፋፉ ላይ ከተሠሩት ሆቴሎች በአንዱ እራት መብላት ግን ያምራል።

ዝዋይን የጠቆማችሁ ሰዎች ተሳስታችሁ አይደለም፤ ደሴቶቹ፣ ወፎቹ፣ ጉማሬው ሁሉ ደስ ይላል። ግን ደርሶ መልስ ቀኑን ይበላል፤ አዳር ካላችሁ ብቻ። ወንጪም ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ማታ እጅ ይደነዝዛል፤ በደነዘዘ እጅ ካርታ አይበወዝም። ገፈርሳና ለገዳዲ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ግድቦች ናቸው፤ ጀልባ ይዘን እንግባ የሚለውን ሐሳብ እዚሁ ተዉት።

ጀልባው

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። በእግር የሚዘወረው ለሁለት ለአራት ሰው ነው፤ ልጆች ይወዱታል፤ እግር እየዘወረ ጭንቅላት ጨዋታ አያስብም። ትንሿ የሞተር ጀልባ ፈጣን ናት፤ ነፋሱና የሞተሩ ድምፅ ወሬ ያቋርጣል። የምትፈልጉት ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ወንበሮቹ በዳርና ዳር ተደርድረው ሰው ፊት ለፊት የሚተያይበት ነው። ፊት ለፊት መተያየቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ እንደ አውቶቡስ ሁሉም ወደፊት የሚያይበት ጀልባ ላይ የኋለኛው ረድፍ ከጨዋታው ይወጣል።

ሃያ ሰው በአንዱ ካልተቻለ አትጨናነቁ፤ ሁለት ያዙ። እንዲያውም ይሻላል፤ ጀልባና ጀልባ ተፎካካሪ ቡድን ይሆናሉ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የጥያቄ ወረቀት ሰጥታችሁ መልሱን ዳር ስትወርዱ ዳኛ ያርመው። የመጋዘንና የቢሮ ሰው አንድ ላይ እንዳይከማች ብቻ ቀላቅሉ።

ባለጀልባውን ስታነጋግሩ ዋጋው በሰው ነው፣ በጉዞ ነው ወይስ በሰዓት የሚለውን ቁርጥ አድርጉ። «አንድ ዙር» ማለት ለእርሱ የሃያ ደቂቃ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የምትፈልጉት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሕይወት አድን ጃኬቱን በዓይናችሁ እዩት፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልክ መኖሩን። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ሲደረግ ውኃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ልጁ ወደ ታች ይሾልካል። መቆለፊያው የተሰበረ፣ በገመድ የታሰረ ከሆነም ሌላ ጀልባ ፈልጉ። በመጨረሻም ሐይቁ መሀል ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ እንዲያንሳፍፋችሁ ለምኑት። ነዳጅ ስለሚቆጥብለት ደስ እያለው ያደርገዋል፤ ጨዋታውም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጨዋታው

ጀልባ ላይ ጨዋታ የሚመረጠው «ጀልባው ሲታጠፍ ምን ይሆናል?» በሚል ነው። ዳማ ወዲያው ይወድቃል። ቆርኪ ቀላል ነው፤ አንዱ ወገን በፊቱ ሌላው በጀርባው የተደረደረ ቆርኪ ከአንድ መታጠፍ በኋላ ሁሉም በግራ በኩል ተከምሮ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ የሚቀረው ክርክር ነው። እንጨት እየካቡ የሚጫወቱት ጄንጋም ያው ነው። የወረቀት ካርታ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ነፋስ ይሄዳል፤ ከ52ቱ አንዱ ሐይቅ ከገባ ክሬዚም ሆነ ሌላው ጨዋታ አበቃ።

ከሰሌዳ ጨዋታዎች ሁሉ ጀልባን የሚችለው ገበጣ ነው። ጠጠሩ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጥ ትንሽ ቢወዛወዝም አይፈስም። እጅ ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ አፍሶ በየተራው አንድ አንድ ሲጥል የሚሰማው የእንጨት ቀጭ ቀጭ ደግሞ ሞተሩ በጠፋበት ውኃ ላይ ልዩ ነው። ጉድለቱ ሁለት ሰው ብቻ መጫወቱ ነው፤ የቀረው አማካሪ ይሆናል። በእኛ ሀገር ግን አማካሪነት ራሱ ጨዋታ ነው። ስትገዙ ጉድጓዱ ጥልቅ የሆነውን ምረጡ፤ ለግድግዳ ጌጥ ተብለው የሚሠሩት ሳሳ ያሉ ናቸው፤ ጠጠር አይዙም። የባህል ዕቃ መሸጫዎች ሁለቱንም ዓይነት ይሸጣሉ፤ ጣታችሁን ከትታችሁ እዩ።

ሰንጠረዥ ለምትወዱ፣ የዛሬው ቼዝ ሳይሆን የጥንቱ የእኛ አጨዋወት ለምሽት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባለው አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ቼዝ ዝም ብሎ ማሰብ ነው የሚል ሰው ይህን ሲያይ ወንበሩን ያስጠጋል። በማግኔት የሚያዘው የጉዞ ቼዝ ለዚህ አይሆንም፤ በጥድፊያ ሲነሣ አብሮት ሌላው ይነሣል። ይህን ዳር ላይ፣ በተራ እንጨት አድርጉት።

ለጀልባው ንጉሡ እንቆቅልሽ ነው። ዕቃ አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ፣ ልጅና አዋቂ አይለይ። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው መልሱ የሚጠፋባቸው አይጠፉም። ያላወቀ ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ይጀምርና ተሸናፊውን እያሞገሰ በሚመስል ስድብ ያለብሰዋል። ቱሉ ዲምቱን ልስጥ የሚል ካለ አትቀበሉት፤ መሬቱ ቢወደድም ዋና ከተማ ይጠየቅ። ስድቡ የመሥሪያ ቤት ቂም እንዳያወጣ አለቃና ምንዝር ፊት ለፊት ባይገጥሙ ጥሩ ነው።

«ወጣቶቹ ማፊያ ይጫወቱ እንጂ» የሚል ከመካከላችሁ ይኖራል፤ በድብቅ «ገዳይ» የሆነውን ሰው በክርክር የሚያጋልጡበት ጨዋታ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን «ከተማው ተኛ» ሲባል ሁሉም ዓይኑን መጨፈን አለበት፤ ጀልባ ላይ ዓይን መጨፈን ለሚያጥወለውለው ሰው አይመከርም። ለዳር አቆዩት።

ቢንጎ የባልደረባችሁ ምኞት ነውና አይቅር፤ እርሱም ዳር ላይ። ካርዱን ራሳችሁ በወረቀት መሥራት ትችላላችሁ፤ ቁጥሩን በመጋዘን ዕቃዎች ስም ብትተኩት ደግሞ ከተገዛው የበለጠ ያስቃል። ጠሪው ድምፁ የሚያምር ሳይሆን ድምፁ የሚሰማ ይሁን።

ለተከታዮቹ ጥያቄዎች በአጭሩ፦

«ብር እያስያዝን ብንጫወት ይሞቃል» ላለው ወንድሜ፦ ይሞቃል፤ ሰኞ ደግሞ ሥራ ቦታ ላይ ይቃጠላል። ሽልማቱ የሚበላ ይሁን።

ፕሌይስቴሽን እንውሰድ ለምትሉት፦ ሁለት ሰው ይጫወታል፤ አሥራ ስምንት ሰው ስልኩን ያወጣል። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ሃያውም ይቀመጣል።

ካርታ የት እንግዛ ላለችው እህቴ፦ መርካቶ። የፕላስቲኩን ያዢ፤ ከወረቀቱ ቢወደድም እርጥበትና የሳምቡሳ ዘይት አይጎዳውም፤ በጨርቅ ይጠረጋል። ከመክፈልሽ በፊት ግን ከጥቅሉ አውጥተሽ በውዢው፤ በጣም የሚያንሸራትት አለ፤ ከእጅ ያመልጣል። ለጀልባው መክሰስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በቂ ነው፤ ወጥ ያለበት ነገር አትጫኑ። መጠጡም ከጀልባ በኋላ ይሁን፤ ይህን ባለጀልባው ባይላችሁ እናንተ በሉት።

መብራት ለሚጠይቀው፦ በኃይል የሚሞላ፣ የሚንጠለጠል ፋኖስ ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ለጠረጴዛው፣ አንዱ ወደ መጸዳጃው ለሚወስደው መንገድ። ሆቴሉ መብራት አለኝ ቢልም በረንዳው ላይ ያለው አምፖል ካርታ የሚያስነብብ አይደለም።

መኪናውን በተመለከተ፣ ለሃያ ሰው ኮስተር ልክ ነው። ኮንትራቱን ስትዋዋሉ «ደርሶ መልስ» ብቻ አትበሉ፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ማን እንደሚችል፣ የሹፌሩ እራት ከማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጨርሱ። እራቱን እናንተ ቻሉት፤ ቢንጎም አስገቡት፤ ካርድ የያዘ ሹፌር «ሰዓት ሄደ» አይልም። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን እርሱ ባይልም እናንተ ተነሡ፤ ልጆቹ ነገ ይነሣሉ።