የኤልኢዲ መብራት በእጃችን እንዳይሞት፦ ከየሰፈሩ የመጡ የጎንደር መብራት ገጣሚዎች የጋራ የአሠራር ሐሳብ ለማዘጋጀት ያደረጉት የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ እንደምን ዋላችሁ። ለሆቴሎችና ለቤት ባለቤቶች የምናቀርበውን ሐሳብ ዛሬ እንጀምር። ከጥር 10 ከከተራ በፊት የፒያሳውም የፋሲል መዋኛ አካባቢውም ሥራ በአንድ ጊዜ ይወርድብናል። ስንጣደፍ መብራቱን የምንገድለው እኛው ነን። ይህን ካላመንን ቀሪውን ብንጽፈውም አይጠቅምም።

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይህን አልቀበልም። ዕቃው ራሱ ደካማ ሆኖ ይመጣል። ጥፋቱን በሙሉ ለምን እንሸከማለን?

ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ ደካማ ዕቃ አለ፤ አልክድም። ግን አንድ እንግዳ ማረፊያ ኮርኒስ ላይ ፓኔል የሚባለውን ጠፍጣፋ መብራት ገጥሜ ሦስቱ በዚያው ቀን ጠፉብኝ። ሱቁ ድረስ ሄጄ ተጨቃጨቅሁ። በኋላ ነው የገባኝ፦ ድራይቨሩ፣ ኤሌክትሪኩን ለመብራቱ በሚመጥን መልኩ የሚያቀብለው ሣጥን፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ፓኔሉን የሰካሁት እኔ ነኝ። ድራይቨሩ ፓኔል ሳይሰካበት ሲቆይ የመውጫው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ይጠብቃል። በዚያ ላይ ስትሰካበት ያጠራቀመውን ባንድ አፍታ ይለቅበታል። ባለሱቁን ይቅርታ ጠየቅሁት። «መጀመሪያ ብሬከር ይውረድ፣ ፓኔሉ ከድራይቨሩ ጋር ይያያዝ፣ ከዚያ ብቻ ይብራ» የሚለው አንደኛ ሆኖ ይጻፍልኝ።

ከአዘዞ፦ ይህን አላውቅም ነበር። እኔም ቤቱ እንዳይጨልም ብዬ ብሬከር ሳላወርድ ስሰካ ነው የኖርኩት። ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ተጽፏል።

ከአራዳ፦ የስትሪፑን፣ የዚያን እንደ ሪባን የሚጠቀለል መብራት ነገር ለእኔ ተዉልኝ፤ ብዙ የሚበላሸው እሱ ነው። ልጆቻችን ጥቅሉን ሳይፈቱ ሰክተው «ይሠራል ወይ» ብለው ያቆዩታል፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይበስላል። መፈተሽ ካስፈለገ ተዘርግቶ ይፈተሽ። ሲቆረጥ ደግሞ የመዳብ ነጥቦቹ መሀል ባለው ምልክት ላይ ብቻ ነው፤ 12 ቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 መብራቱ ምልክት አለው። ከዚያ ውጪ ከተቆረጠ ያ ክፍል አይበራም። ማዕዘን ላይ አጥፎ ማስገባትም ውስጡን ይሰነጥቀዋል፤ ቆርጦ በሽቦ ማገናኘት ነው። የመብራቶቹን ቢጫ ፊት በአውራ ጣት እየተጫኑ መለጠፍም ይቅር፤ የሚጫኑት በመብራቶቹ መካከል ነው።

ሒሳቡም ይግባ። በሜትር 14.4 ዋት የሚበላ ስትሪፕ 5 ሜትሩ 72 ዋት ነው። ስትሪፑን የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይ ልክ 72 ዋት ብናደርገው ሁልጊዜ ጥግ ድረስ እየሠራ ይግላል፤ የ100 ዋቱን እንግዛ። ከ5 ሜትር በላይ ከሆነ ጫፍ ለጫፍ መቀጠል የለም፤ መጨረሻው ይፈዛል፣ መጀመሪያው ይሞቃል። ለየ5 ሜትሩ የራሱ መጋቢ ሽቦ ይሂድለት።

ከዞብል፦ አባባ፣ የድሮዎቹ የድንጋይና የኖራ ቤቶችስ? ማጣበቂያው አይዝም፤ በሳምንቱ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ከአራዳ፦ ልጄ፣ ኖራ ላይ በቀጥታ አይለጠፍም። ስትሪፑ የሚቀመጥበት የአሉሚኒየም መስመር ቀድሞ ይታሰር፤ ሙቀቱንም ይስብልናል። የቅርሱን ግቢ ግን እዚህ ውስጥ አታስገቡት፤ እዚያ ግድግዳ መብሳት የእኛ ፈቃድ አይደለም።

ከማራኪ፦ በትራፓኖው ጉዳይ፦ መብሳቱና ስቱኮው አልቆ አቧራው ሳይጠረግ መብራቱ ከካርቶኑ አይውጣ። በበጋ አየራችን ደረቅ ነው፤ ጃኬታችን ላይ በመፋተግ የሚጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክም ስትሪፕ ይጎዳል። ዕቃውን ከመንካት በፊት ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ብረት መንካት ነው።

ከዞብል፦ የሽቦው ልባስ ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ በሜገር፣ በመለኪያ መሣሪያው፣ ስንለካስ? 500 ቮልት ነው የሚልከው።

ሰብሳቢ፦ ድራይቨሮቹ ተነቅለው ይለካ። ጥሩ አስታወስኸን፤ ረስተነው ነበር። አሁን ወደ ገንዘቡ፦ የተበላሸውን ማን ይክፈል?

ከአዘዞ፦ ሐሳብ አለኝ። ኮርኒስ ላይ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ መብራት ከራሱ ድራይቨር ጋር መሬት ላይ፣ ባለቤቱ እያየ ይብራ። እዚያ ያልበራውን ሱቁ ይቀይር። በርቶ ስንገጥመው የሞተውን ገጣሚው ይክፈል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ግፊት የተቃጠለው ግን በእኛ ላይ አይቆጠር፤ ለዚያ መከላከያ እንዲያስገጥም ባለቤቱን በጽሑፍ እናሳስበው።

ከማራኪ፦ ቀድሞ የተቃወምኸው አንተ ነበርህ፤ ከሁላችን የተሻለውን አመጣህ። እስማማለሁ።

ከአራዳ፦ ተለማማጅ ሲያበላሽ ግን አሠሪው ይክፈል። ከልጁ ደመወዝ አይቆረጥ፤ ከተቆረጠበት ጥፋቱን ይደብቃል።

ጸሐፊ፦ የአባባ ሐሳብ ራሱን የቻለ ነጥብ ሆኖ ገብቷል። ባለቤቱ የሚፈርምበትን የፍተሻ ወረቀት ነገ አዘጋጃለሁ፤ የመብራቱ ብዛት፣ የድራይቨሩ ዋትና የበራበት ቀን ይኖረዋል። እስከ ታኅሣሥ 15 አስተያየታችሁን ላኩልኝ።

ከዞብል፦ ለመሬት ላይ ፍተሻው ብሬከርና ሶኬት ያለው ሰሌዳ እኔ እሠራለሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ይድረሰው።