በጎርፍ የተጎዱ ሥዕሎችንና የሙዚቃ መሣሪያዎችን ለማዳን የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ሠዓሊዎችና የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች በጋራ የምንሠራበት የቆርቆሮ ቤት አለን። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ጎርፉ እስከ ጉልበት ድረስ ስለገባብን፣ ወለሉ ላይ የነበረው ሁሉ ደለል ለብሷል። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የጨነቀን የተረፈውን ማዳኑ ነው። የብራና ሥዕሎቹ ተጨማደዋል፤ በሸራዎቹ ጀርባ ግራጫ ሻጋታ መታየት ጀምሯል፤ የአንድ አረጋዊ ባልደረባችን ማሲንቆ ቆዳው ረግቦ ከእንጨቱ ተላቋል፣ የፈረስ ጭራ ክሩም በጭቃ ተጣብቋል። እሳቸው በየጠዋቱ መጥተው ዝም ብለው ያዩታል። ብራና ፀሐይ ላይ በድንገት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሁሉንም በጥላ ዘርግተናል፤ ሆኖም በዚህ በነሐሴ እርጥበት ይደርቃል ብለን መተማመን አልቻልንም። በ1966 እ.ኤ.አ. የአርኖ ወንዝ የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ፣ በርካታ በጎ ፈቃደኞች መጻሕፍትንና ሥዕሎችን ከጭቃ እያወጡ ማትረፋቸው ተስፋ ይሰጠናል፤ እኛ የምንጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ በአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ወይም በቅርስ ጥገና የሠራ ሰው ካለ፣ ቀለሙ ሳይነሳ ሻጋታውን እንዴት እንደምናስወግድና የላላውን ብራና እንዴት ወጥረን እንደምናደርቅ እንዲመክረን በትሕትና እንጠይቃለን። ለሁለት ወር ደረቅ ክፍል የሚያውሰን ብናገኝ ደግሞ ውለታው ትልቅ ነው። የጉዳቱን ፎቶግራፍ አንስተናል፤ ድጋፍ ለመጠየቅ ሌላ ምን መመዝገብ እንዳለብንም ብትነግሩን እንወዳለን።