«አልጣመኝም» ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዕድራችን ላይ ስለ ድንኳን ግዥ ስንከራከር አንድ አዛውንት «ነገሩ አልጣመኝም» ብለው ቁጭ አሉ። ሌላ ምክንያት የለም። ግዥውም ቀረ! ጣዕም ከመቼ ወዲህ ነው ማስረጃ የሆነው?

መልስ፦ ጨዋታው ያለው «ኝ» ላይ ነው። «አይጥምም» ቢሉ ኖሮ ስለ ነገሩ መመስከራቸው ነበር፤ «ለምን?» ይባላሉ። «አልጣመኝም» ግን ስለ ራሳቸው ነው። «የለም፣ ጥሞዎታል» ብሎ ማን ይሟገታቸዋል? ሰዉ የተቀበላቸው ደግሞ በ«ቀመሰ» ይመስለኛል። ዱላ ቀመሰ፣ መከራ ቀመሰ እንላለን፤ በራሱ ላይ ደረሰ ለማለት። ብዙ የቀመሰ ሰው ምላሱ ይታመናል።

ምላስ ስለ ነገሩ ራሱ የሚመሰክርበት ተረትም አለን፦ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ።» ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ለምክር ነው፤ ጸባይህን አሳምር ለማለት። እስቲ ከአሞሌ ጋር አስቡት። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል የሚወጣው ጨው ለዓይን ድንጋይ ነው። ሲያነሱትም ድንጋይ ነው። ጨው ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ቶሎ የሚፈታው ምላስ ነው። ደግሞ «ጣፍጥ» ማለት ስኳር ሁን ማለት አይደለም። ወጥም የሚጣፍጠው በጨው ነው። «ጣፋጭ» ሲባል ኬክ ብቻ የሚታየን እኛ የከተማ ልጆች ነን።

ሌላ አስተያየት፦ ቡናውን ረሳችሁት! ደረጃ ሲወጣለት እኮ ከ100 ነጥብ 60ው የቅምሻ ነው። የጥሬው ፍሬ 40 ብቻ። እዚያ ምላስ ዋጋ ይቆርጣል።

መልስ፦ እውነት ነው። ግን ቡና ቀማሽ «አልጣመኝም» ብሎ አይቀመጥም። የስኒው ንጽሕና፣ አሲዱ፣ ውፍረቱ፣ ጣዕሙ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ሌላ ቀማሽ ያንኑ ቡና ፉት ብሎ «ተሳስተሃል» ሊለው ይችላል። «ኝ» እዚያ ቦታ የላትም። የእናንተንም አዛውንት «ምኑ ነው ያልጣመዎት?» ብትሏቸው ኖሮ ነገሩ ወደ ማስረጃ ይጠጋ ነበር። ጠየቃችኋቸው?

ጠያቂው፦ ኧረ ማን ደፍሮ! ሰብሳቢው ራሱ «እኔንም አልጣመኝም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።