እንግሊዝ ገጠር መንደር ለሚገቡ፦ ከላምባው ታንከር እስከ ጎመኑ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከለንደን ወደ ሄርፎርድሽር ገጠር ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ሊዛወሩ ነው። የሚከራዩት ቤት የጋዝ መስመር የለውም፣ የሚሞቀው በላምባ ነው። ምን አይተው ይፈርሙ? ከመንደሩ ሰው ጋርስ መላመድ ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ታንከሩን ሳያዩ እንዳይፈርሙ። ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን ምን ያህል ላምባ እንዳለ ፎቶ ያንሱ፣ በርክክቡ ወረቀት ላይም ያስጽፉ፤ አለዚያ ሲለቁ «ሙሉ ነበር» ሊባሉ ይችላሉ። ሻጮች ብዙውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች ስለማያመጡ የመጀመሪያው ወር ወጪ ይከብዳል። ሩብ ሲቀር ማዘዝ ነው። ጨርሶ ካለቀ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፣ ከታች የዘቀጠው ቆሻሻም ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ከዚያ ላምባ ቢሞላም ባለሙያ አየሩን እስኪያስወጣው ቦይለሩ (ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን) ላይነሳ ይችላል። በብዙ መንደሮች ጎረቤታሞች ተሰባስበው ያዛሉ፤ ቦቴው በአንድ ጉዞ ለሁሉም ስለሚያደርስ ዋጋው ይቀንሳል።

ፍሳሹ የት እንደሚሄድም ይጠይቁ። ሴፕቲክ ታንክ (መሬት ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ከሆነ የወጥ ቅባት አይደፋበት፣ ይረጋል። በረኪና ሲበዛ ደግሞ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ሌላ መልስ፦ መንጃ ፈቃዱ እንዳይረሳ! የኢትዮጵያው የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆኑ ጀምሮ 12 ወር ብቻ ነው፤ አይለወጥም፣ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በብዙ መንደር እሑድ አውቶቡስ የለም፣ ሥራው ደግሞ ከቤት ቤት የሚያዞር ከሆነ ያለ መኪና አይሞከርም። ለልጆቹ፦ ቅርቡ ተስማሚ ትምህርት ቤት ከ8 ዓመት በታች ላለው ከ2 ማይል፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ3 ማይል ከራቀ ነፃ መጓጓዣ ይገባቸዋል። ራቅ ያለውን በምርጫቸው ከወሰዱ ግን ይቀርባቸዋል።

ሌላ መልስ፦ ስለ ሰዉ ልጨምር። ፓሪሽ ካውንስል ሲባል ሰበካ ጉባኤ አይምሰላቸው። ከ1894ቱ ሕግ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ የተለየ የመንደር አስተዳደር ነው፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ቀኑም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የመንደሩን አዳራሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለእኛ ዕድር የሚቀርብ ነገር ነው። መግቢያውም እዚያ ነው፦ የጠዋት ቡና ፕሮግራም ሲኖር ሄዶ ኩባያ ማጠብ፣ ወንበር እስኪደረደር መቆየት። እንግሊዞች ቶሎ ቤታቸው አይጠሩም፤ ጥላቻ አይደለም፣ ሰውን ደጋግመው በማየት ነው የሚለምዱት። ጠባብ መንገድ ላይ መኪና ቆሞ ሲያሳልፍ እጅ ማንሳት ደግሞ የግድ ነው፣ ያላነሳ ይታወሳል። አዳራሹን ለክርስትና ሲከራዩ ማዘጋጃውና ማጽጃው ሰዓት አብሮ እንደሚቆጠር ይወቁ። ቡናው የሚቆላው ውጭ ይሁን፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል።

ጥያቄ፦ ጎመን መትከያ መሬትስ ይገኛል?

መልስ፦ አሎትመንት የሚባል የኪራይ መሬት አለ፤ በልማድ ሙሉው 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጀማሪ ግማሹ ይበቃል። በመንደሩ ከሌለ፣ 6 መራጮች ወይም የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈል የቤት ግብር) ከፋዮች በጽሑፍ ካመለከቱ ካውንስሉ ጉዳዩን ማየት አለበት። ስለዚህ ዜግነት የሌለውም ታክስ ከፋይ ከሆነ ይፈርማል። ጎመኑ ብርድ ይችላል፤ የድንች ቡቃያ ግን ግንቦት ውስጥም ውርጭ ሊያገኘው ስለሚችል ማታ ማታ ይሸፈን። ለጎመኑ የሚያሰጋው የዱር ርግብ ነው፣ ቅጠሉን እስከ አንጓው ይጨርሰዋል። መረቡ በተተከለበት ቀን ይዘርጋ፣ ቅጠሉን እንዳይነካም ከፍ ይበል፤ ከነካው ርግቡ በላዩ ቆሞ ይለቅመዋል።